መብራት አጣቢው

ይህ አዲሱ መብራት አጣቢ ከመጣ ጀምሮ አላማረኝም። እዚህ ሐይቁ ላይ ያለው የዓሣ እርባታችን ውስጥ፣ ዓሦቹ ቶሎ እንዲያድጉ እየተባለ ማርቢያው መረብ ውስጥ ሌት ተቀን የሚበራውን መብራት ማታ ማታ አጥፍቶ ከውኃው ያወጣል፤ መስታወቱ ላይ የያዘውን አረንጓዴ ዝቃጭ በስፖንጅ ይፈገፍጋል። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። እሱ ግን መልሶ ካጠለቀውም በኋላ ሳያበራው ጨለማው ውስጥ ቁጭ ይላል። ምሳ ሰዓት ላይ እንኳ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ነው የሚያሸልበው።

ጥበቃ ነኝና፣ ዓሣ ሊሰርቅ ነው ብዬ ትናንት አመሻሽ ላይ አድፍጬ ደረስኩበት። እጁ ባዶ ነው።

«ለምንድን ነው የማታበራው?» አልኩት።

«ትንሽ ይተኙ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«የዓሣ እንቅልፍ አንተን ምን አገባህ?»

«እርስዎም በር ተቆልፎብዎት፣ አምፖል ሳይጠፋ አምስት ዓመት ተኝተው ቢያውቁ ይገባዎት ነበር።»

የት እንደሆነ ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ የጥበቃ ዩኒፎርሜን ከላይ እስከ ታች አየና መብራቱን አበራው።