በሰብሊ አያት ደጅ

ገደፋው ቡሬ ከተማ ዳር ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ነው። ሰፈሩ ዝምተኛ ይለዋል። ቀኑን ሙሉ ሞተሩ ሲጮህ ስለሚውል ማውራቱን የተወው ይመስላል። ከሚስቱ ከወይኒቱ ጋራ ትዳር ከመሠረቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ወይኒቱ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ሳይወለዱ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ጸበሉም፣ የባሕር ዳር ሐኪሞችም የፈየዱት ነገር የለም። እየቆየ በዚያ ቤት ስለ ልጅ ማንሳት ቀረ። የሚያነሱት የገደፋው እናት እማሆይ እጅጉ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ቆብ ሲደፉ ብዙ ነገር ቢተዉም ይህን ግን አልተዉትም። "የወንድምህን ልጅ አምጥተህ አሳድግ፤ ደምህ ነው" ይሉታል በመጡ ቁጥር፣ ወይኒቱ እየሰማች።

የወይኒቱ ታናሽ እህት አስካለ ማርያም ቤሩት ውስጥ በሰው ቤት ትሠራ ነበር። አንድ እሑድ ደውላ ለእህቷ አንድ ነገር ነገረቻት። አብራት ትኖር የነበረች አምለሰት የምትባል የጎጃም ልጅ በወለደች በጥቂት ወር ታማ ሞታ ነበር። የልጅቱ አባት ሶርያዊ ነው ይባላል፤ ልጅቱ ሳትወለድ ጠፍቷል፤ ስሙን እንኳ በወጉ የሚያውቅ የለም። ሕፃኗን ከዚያ ጀምሮ ያሳደገቻት አስካለ ናት። ሥራ ስትሄድ ለሌሎች ሴቶች እያስጠበቀች፣ ማታ እየተቀበለች።

"እያደገች ነው፣ እቴ" አለች አስካለ። "ወረቀት የላትም። እዚህ ምን ሆና ትኖራለች? እናንተ ውሰዷትና ልጅ አድርጓት።"

ወይኒቱ ባሏን ሳትጠይቅ እሺ አለች። ማታ ስትነግረው ገደፋው እጁን እየታጠበ ነበር።

"ዘሯ የማን ነው?" አላት።

"የእግዜር ናት።"

"እንዲህ ተብሎ ልጅ አይመጣም፣ ወይኒቱ።"

ያን ሰሞን ሁሉ ተኳርፈው ሰነበቱ። እማሆይ እጅጉም ሰምተው መጡ። አባቷ የማን እንደሆነ ያልታወቀ፣ አገሯም ባሕር ማዶ የሆነ ልጅ እንዴት ወደ ቤት ይገባል አሉ። ለመሆኑ ተጠምቃለች ወይ ብለው ጠየቁ። አስካለ እዚያው ቤሩት ባለው ቤተ ክርስቲያን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንዳስነሳቻት፣ ስመ ክርስትናዋም ወለተ ኪዳን እንደሆነ ተነገራቸው። እማሆይ ስሙን ሰምተው፣ "ይሁን፤ ደም ግን አይደለችም" ብለው መቋሚያቸውን አንሥተው ሄዱ።

ገደፋውን የረታችው ልጅቱ ራሷ ናት። አንድ ቀን ወይኒቱ ከእህቷ ጋራ በቪዲዮ ስትነጋገር እሱ ከወፍጮ ቤት ወጥቶ በአጠገቧ አለፈ። ልጅቱ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግታ፣ "ያ ሰውዬ ፊቱ ምን ሆነ?" አለች።

"ዱቄት ነው" አለ ገደፋው ጎንበስ ብሎ።

"ታጠብ።"

ሄዶ ታጥቦ ተመለሰና ፊቱን አሳያት። እሷም አየችውና እሺ ብላ ወደ ጨዋታዋ ሄደች። ስሟ ሰብሊ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከወይኒቱ ቀድሞ ስልኩ ዘንድ የሚቀመጠው እሱ ሆነ።

እንዲህ እያሉ የልጅቱን መምጫ ሲያመቻቹ ነገሩ በሁለቱም በኩል ተበላሸ። በጎጃም ተኩሱ በረታ፤ መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ኔትወርክ ለወራት ይጠፋል። በዚያው ሰሞን ቤሩት እየተደበደበች ነው የሚል ወሬ በሬዲዮ መጣ። ወይኒቱ ሬዲዮኑን ዘግታ ትቀመጣለች፤ ቆይታ ደግሞ ትከፍተዋለች። ገደፋው ሊያስፈጭ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ቤሩት ዘመድ እንዳለው መጠየቅ ጀመረ። እሱ ሰው ሲጠይቅ አይቶ የማያውቀው ሰፈር ተገረመ።

በመጨረሻ ስልክ ሲሠራ የአስካለ ድምፅ መጣ። ከሚኖሩበት ሰፈር ሸሽተው ከሌሎች ያገር ልጆች ጋራ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተጠግተው ነበር። ወደ አገር የሚመለሱ ሴቶች ሲመዘገቡ እሷም ልጅቱን ይዛ ተመዘገበች። ብዙ ሳይቆዩ አዲስ አበባ ገቡ። መንገዱ እስኪከፈት እዚያ ሰንብተው አንድ ከሰዓት ቡሬ መናኸሪያ ወረዱ።

ሰብሊ በስልክ እንደነበረችው አልሆነችም። ከአስካለ ቀሚስ አትላቀቅም። አማርኛው ከአፏ ይወጣና መሐል ላይ ዐረብኛ ይሆናል። ወይኒቱ ልታቅፋት ስትል ፊቷን ታዞራለች። የወፍጮው ሞተር ሲነሣ ጆሮዋን ይዛ አልጋ ሥር ትገባለች፤ ሩቅ ተኩስ ሲሰማ ደግሞ አልጋ ሥርም አትገኝ፤ የት እንደገባች ለማግኘት ቤቱ ይታመሳል። ገደፋው የሰው እህል ተከምሮ እያለ ሞተሩን አጥፍቶ የዋለበት ቀን አለ። እማሆይ እጅጉም መጥተው አዩዋት። ለልጅቱ ከጸበል ቤት ያመጡትን ዳቦ ሰጥተው ሄዱ።

ጉዲፈቻው በሕግ እንዲጸና ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዳኛዋ ወጣት ሴት ነበረች። ነገሩን ሁሉ ሰምታ፣ "የእናቷ ወገን የት ነው?" አለች።

አስካለ የምታውቀውን ተናገረች። አምለሰት ከቋሪት ናት፤ አባቷ ዳኘው ይባላሉ፤ ደብሩም ገብርኤል ነው። የሟቿ ስልክ የተቆለፈ ስለነበረ የአባቷ ቁጥር አልተገኘም። ደግሞም አምለሰት ሳታገባ መውለዷን አባቷ እንዳይሰሙባት ትፈራ ነበር።

"እንግዲያው አያቷ ሳይሰሙ ልጅ አንሰጥም" አለች ዳኛዋ። "ፈልጓቸው። ሐሳባቸውን ይንገሩን።"

ገደፋው ተነሣ። እስከ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ሄደ። ወደ ቋሪት ተሽከርካሪ ስለጠፋ ዘመድ ቤት ሰንብቶ፣ ድንች ሊጭን በሚወጣ አይሱዙ ተሳፈረ፤ የቀረውን በእግሩ ወጣው። እንደ ሐሳቡ የአምለሰት መሞት ይሄን ጊዜ ለአባቷ ደርሷል፤ ስንት ያገር ልጅ ባለበት ከተማ ሞታ እንዴት ሳይሰማ ይቀራል? እሱ የሚነግራቸው ስለ ልጅቱ ብቻ ነበር።

ደጋው ላይ ሲደርስ አንድ ሽማግሌ በዶማ ድንች ሲያወጡ አገኘ።

"እንደምን ዋሉ፣ አባቴ። የአቶ ዳኘው ቤት በየት በኩል ነው?"

"እኔው ነኝ፣ ልጄ። ከወዴት ነህ?"

"ከቡሬ ነኝ። በአምለሰት ጉዳይ ነው የመጣሁ።"

ሽማግሌው ዶማውን ጣሉ። "ከልጄ ነህ? ተመስገን። ይኸው ስልኳ ከጠፋብኝ ስንት ዘመኑ። አገሩ ጦርነት ነው ሲሉኝ ከዚያ ይሆናል እያልሁ ነበር።" እጁን ይዘው ወደ ቤት ወሰዱት። ሚስታቸው ሞታለች፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እግሩን በገዛ እጃቸው ካላጠብሁ ብለው ታገሉት። የጎረቤት ሴት ጠርተው እንጀራ አስቀረቡ፤ ጠላም ቀዱ። ገደፋው ያልበላ እንደሆነ ይጠረጥራሉ ብሎ በላ።

"ደህና ናት? ከሳች?" ይላሉ እሳቸው።

"መንገዱ አድክሞኛል፣ አባቴ። ገብርኤልን ተሳልሜ ልምጣና እናወጋለን።"

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ያገኛቸውን ቄስ ገነነን እጃቸውን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳቸውና ሁሉንም ነገራቸው።

"ዛሬ እንዳትነግራቸው" አሉት ቄሱ። "እህል ቀምሰው ይደሩ። ጧት ሰው ሰብስቤ እመጣለሁ።"

ተመልሶ ከሽማግሌው ጋራ አመሸ። ስለ ልጃቸው ልጅነት አወሩለት፤ ውኃ ስትቀዳ እንዴት እንደምትዘፍን፣ ስትሄድ ምን ብላ እንደሄደች። ገደፋው አንገቱን ደፍቶ ሰማ። በሕይወቱ እንደዚያ ምሽት ዝምታ ከብዶት አያውቅም።

ጎሕ ሲቀድ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በቄሱ ኋላ መጡ። ዳኘው ደጃፋቸው ላይ ቆመው አዩዋቸው።

"ማን ነው?" አሉ።

"አምለሰት ናት። እግዚአብሔር ያጽናዎ" አሉ ቄሱ።

ሽማግሌው ወዲያው አላለቀሱም። ወደ ገደፋው ዞሩ። "ትናንት እንጀራዬን ስትበላ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር፣ አባቴ።"

"መቼ ነው የሞተች?"

"አራት ዓመት አለፋት።"

"አራት ዓመት ሙሉ" አሉ፣ "በየቅዳሴው ስሟን ከሕያዋን ጋራ ነበር የማስጠራው።" ያለቀሱት ከዚህ በኋላ ነው። ልቅሶው ተነሣ።

ገደፋው ሊሄድ አልቻለም። ከለቀስተኛው ጋራ ተቀመጠ፤ ውኃ ቀዳ፣ እንጨት ፈለጠ። ሰው ማን ነህ ሲለው መርዶ ያመጣሁት ነኝ ይላል። ሠልስቱ ወጥቶ ሰው ሲቀል ስለ ሰብሊ ነገራቸው። ዳኘው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት።

የወንድማቸው ልጅ አብሮ ተቀምጦ ነበር። "ልጅ ካላት ልጃችን ናት፤ እዚሁ ትምጣ እንጂ!" አለ ቆጣ ብሎ። "የሰው ልጅ እንዲህ ነው የሚወሰድ?"

"ተው" አሉት ዳኘው። ለገደፋውም፣ "መጀመሪያ ልያት" አሉት።

እንግዲህ ገደፋው ፈቃድ ሊጠይቅ ሄዶ ልጅቱን ሊወስዷት የሚችሉትን ሰው ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ወይኒቱ ሽማግሌውን በክብር ተቀበለቻቸው። ጓዳ ስትገባ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ስታለቅስ ባሏ አያት።

"ይዘዋት ቢሄዱስ?" አለችው።

"ልጃቸውን አጥተዋል፣ ወይኒቱ።"

"እኔስ?"

ገደፋው ወደ ሽማግሌው ተመለሰ።

ዳኘው ሰነበቱ። ቀን ቀን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሰብሊ መጀመሪያ ፈራቻቸው፤ ኋላ ግን ከሩቅ ቆማ ታያቸው ጀመር። እሳቸው አይጠሯትም። አስካለን አጠገባቸው አስቀምጠው ስለ ልጃቸው የመጨረሻ ቀናት ይጠይቋታል፤ የት ተቀበረች፣ ፍትሐት ደረሳት ወይ፣ ማን ነበር አጠገቧ። አስካለ "እኔ ነበርሁ" አለቻቸው። ሽማግሌው እጇን ሳሙት። ምን እንዳሰቡ ግን ለማንም አልተናገሩም። ወይኒቱ እህል ከአፏ አልገባ እያለ ከሳች።

በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ ስትጠይቃቸው ዳኘው ተነሥተው ቆሙ።

"እኔ ሸምግያለሁ፤ ዓይኔም ደክሟል" አሉ። "ልጄ ሳላውቅ ሞተችብኝ። ይችን ግን አውቄ፣ አይቼ ልስጥ። እነዚህ ሰዎች ያሳድጓት። የምለው አንድ ነገር ነው። እናቷ አምለሰት መሆኗ አይደበቃት። ባመት ባመት ለእናቷ ተዝካር ደጄ ትምጣ።"

ወይኒቱ ይህን አልጠበቀችም። ልጅቱ ትንሽ ስለሆነች ሁሉን ትረሳለች፤ ስታድግ ከሆዴ እንደወጣች ታስባለች እያለች ነበር ለራሷ የምትነግረው። ገደፋው ሚስቱን ሳያይ "ይሁን፣ አባቴ" አለ። ውሉ ጸደቀ። ከፍርድ ቤት ሲወጡ ወይኒቱ ከኋላ ቀርታ ብቻዋን ነበር የሄደችው።

አስካለ ብዙ አልቆየችም። እሷ እያለች ሰብሊ ወደ ወይኒቱ እንደማትዞር ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ባሕር ዳር አንድ ምግብ ቤት ሥራ አግኝታ ልጅቱ ሳታያት ሄደች። ሰብሊ ከዚያ በኋላ ማንንም ሳታናግር ከረመች። ወይኒቱ የምትሰጣትን ትበላለች፣ የምታለብሳትን ትለብሳለች፤ ስትጠራት ግን ዝም ናት። ወይኒቱ እህቷ ላይ ተናደደች፤ ባሏ ላይም ተናደደች፤ አንዳንዴም አይታት በማታውቃት በሟቿ በአምለሰት ላይ ሳይቀር። ይህን ለገደፋው ስትነግረው አፍራ ነበር። እሱም "አውቃለሁ" ብቻ አላት።

የተዝካሩ ጊዜ ደረሰ። መንገዱ ለጥቂት ቀን ተከፍቶ ነበር፤ ነገ ይዘጋ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

"አንተ ውሰዳት፤ እኔ አልሄድም" አለች ወይኒቱ። ይህን ብላ ለልጅቱ ስንቅ ቋጠረች፤ ደጋው ይበርዳል ብላም ወፍራም ሹራብ አለበሰቻት።

ገደፋው ሰብሊን ይዞ ወጣ። ዳኘው ደጃፍ ላይ ጠበቋቸው። ቄስ ገነነ አምለሰትን በስመ ክርስትናዋ፣ በዚህ ጊዜ ከሙታን ጋራ፣ ጠሯት። ሰብሊ በሰው መሐል ተቀምጣ ያን ሁሉ አየች። ስንመለስ አንዲት ቃል ትናገራለች ብሎ ገደፋው ተስፋ አድርጎ ነበር። መንገዱን ሁሉ በመስኮት ስታይ መጣች።

ቡሬ ሲደርሱ ወይኒቱ በር ላይ ነበረች። ስለ ተዝካሩ አልጠየቀችም፤ ስለ ሽማግሌውም አልጠየቀችም። የልጅቱን እጅ በእጇ ይዛ አየችና "በርዷታል" አለች። ወደ ውስጥም ይዛት ገባች። ሰብሊ እጇን አላስለቀቀችም፤ አልጨበጠችም። ገደፋው ጥቂት ደጅ ቆሞ ቆየ። የሚያስፈጭ ሰው ጠራውና ወደ ሞተሩ ሄደ።