የአቶ ለጊዜው ሞተር

ባሌን ሰፈሩ በሙሉ «አቶ ለጊዜው» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ቅንጣት አልጸጸትም። የመነጽሩ እጀታ ሲሰበር በሽቦ ጠምጥሞ «ለጊዜው ነው» አለ፤ ይኸው ስድስት ዓመቱ። ጣሪያው ሲያፈስ ወጥቶ እንደመድፈን አልጋውን ወደ ጥግ ገፋው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የምሰፋው በአልጋውና በግድግዳው መሃል ተወሽቄ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ አንድ ነገር ከሥሩ ሲጠግን ያየሁ እንደሆነ ዓይኔ ይጥፋ!

ሥራው ትምህርት ቤት ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ እግር የሌለው ወንበር ሲቆጥር ስለሚውል ይሁን አላውቅም፣ የተሰበረ ነገር አያሳቅቀውም። መኪናዋን ጡረታ ከወጣ ባልደረባው ነው የገዛት። ከልጃችን በዕድሜ ትበልጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እያጠበ ሲያሻሻት እኔን እንኳ እንደዚያ ዳብሶኝ አያውቅም።

ዘንድሮ ጠዋት ስትነሳ መንኳኳት ጀመረች። ቀጭ ቀጭ ቀጭ፤ ጣሳ ውስጥ ጠጠር የሚያንቀጫቅጭ ሰው ያለ ነው የሚመስለው። ታናሽ ወንድሜ መካኒክ ነው። አንድ ቀን ሊጠይቀን መጥቶ ደጅ ላይ ቆሞ ሰማት።

«ጋሼ፣ የታይሚንግ ሰንሰለቷ ረግቧል» አለው። «ቫልቩንና ፒስተኑን ተራ የሚያስይዛቸው እሱ ነው። አንድ ቀን ጥርሱን ከዘለለ እርስ በርስ ይላተሙና ሞተሩ አለቀለት። ዛሬ ነገ ሳትል አምጣት።»

«እሺ፣ እሺ» አለ ባሌ። እሱ ሁለት ጊዜ እሺ ካለ ነገሩ እንደተቀበረ አውቃለሁ። ወንድሜ ገና ከግቢው ሳይወጣ «የሚስት ወንድም ጋር ሄጄ ልለማመጥ? ድምፅ ነው እንጂ ምን ሆነች!» አለኝ።

ከዚያማ ድራማው ተጀመረ። መጀመሪያ ወፍራም ዘይት ይበቃታል ብለውት ምን ከምን እንደሆነ የማላውቀውን ጥቁር ዝቃጭ በእኔ ድስት አሙቆ ቀላቀለ። ድስቱን ሦስት ጊዜ ፈትጌ ጣልኩት፤ ሽታው አሁንም ሲታወሰኝ ያቅለሸልሸኛል። ቀጥሎ አንድ የሥራ ጓደኛው «የሰንሰለቱ መወጠሪያ ጀርባ ቆርቆሮ ወትፍበት» አለው። ባሌ ከቆሻሻ ውስጥ የዓሣ ቆርቆሮ አንስቶ ቆረጠው። በምን? በጨርቅ መቀሴ! ልብስ የሚሰፋ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መቀሱ ጥርስ አወጣ፣ ቤቱ ዓሣ ዓሣ ሸተተ፣ እሱ ግን እጁን በመጋረጃዬ እየጠረገ «አየሽ? ዝም አለች» ይለኛል። ኤጭ! የዚያን ዕለት አጠገቡ መተኛት ቀፈፈኝ።

ሦስት ቀን ዝም ብላ ባሰባት። ጠዋት ስትነሳ ጎረቤት በመስኮት ብቅ እያለ «የሰፈሩ ደወል ተነሳ!» እያለ ይስቅብን ጀመር። እኔ ደግሞ ይሉኝታ ይገድለኛል። ስለዚህ ባሌ አሮጌ ብርድ ልብስ ይዞ መጥቶ «ከኮፈኑ ሥር የሚገባ ልባስ አድርገሽ ስፊልኝ፣ ድምፁን ያፍነዋል» ሲለኝ፣ እየተነጫነጭኩም ቢሆን ሰፋሁለት። በሦስት ድርብርብ ሰፋሁት፣ ማዕዘኖቹን ደግሞ በድርብ ስፌት አጠበቅኋቸው። ሥራ ከነካሁ አላበላሽም፤ አመሌ ነው።

ልጃችን የነርስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ነበረባት። ፈተናው በዓመት አንዴ ነው፣ የሚሰጠውም የሁለት ሰዓት መንገድ በሚወስድ ሌላ ከተማ ነው። የዕድሜ ገደብ አለው፤ ለእሷ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ደብተር ላይ አቀርቅራ አንገቷ ቀጥ ማለት አቅቶት ነበር።

«ከዋዜማው በአውቶቡስ ትሂድና አክስቷ ዘንድ ትደር» አልኩ።

«መኪና ያለው ሰው ልጅ በአውቶቡስ?» አለና ሞተሩን አስነሳው። «ነይ እስቲ ስሚ። የምትሰሚው ነገር አለ?»

ጠጋ ብዬ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ምንም የለም፤ ለስለስ ያለ እምምም ብቻ።

«ይሁን» አልኩ።

በፈተናው ቀን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስታችንም ወጣን። ፈተናው የሚጀምረው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ዳገቱን ስንጀምር ከፊት «ጓ!» አለና ሞተሩ ቀጥ አለ። ኮፈኑን ሲከፍተው የተቃጠለ ሱፍና ዘይት ሽታ ፊታችን ላይ ተደፋ። ልጄ ሰዓቷን ታያለች። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለጊዜው እንግፋት።»

ዳገት! ልጄ ለፈተና ብላ ያጠበችውን ነጭ ጫማ ጭቃ ውስጥ ተክላ ገፋች፤ እኔም ገፋሁ። በመጨረሻ ሽንኩርት የጫነ መኪና ቆመልንና እሷና እኔ ከጆንያው ላይ ወጣን። ስንደርስ አራት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። የበሩ ጠባቂ የመፈተኛ ካርዷን አየ፣ እሷን አየ፣ «እህቴ፣ አልችልም» አለ። አልለመነችውም፤ እኔ ነኝ የለመንኩት።

እኛ በአውቶቡስ ተመለስን፤ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ባሌንና መኪናዋን ከዳገቱ ጎትቶ ጋራዡ አስገባ። ልጄ ከነጆንያ አቧራዋ እዚያው ቆማለች። ወንድሜ ፈታትቶ የታጠፉትን ቫልቮች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው፤ የዓሣ ቆርቆሮዋንም አጠገባቸው አስቀመጠ። ባሌ መነጽሩን አውልቆ ሽቦውን ይነካካል። እንዲያው ሳየው አስጠላኝ፤ ልተፋበት ምንም አልቀረኝም።

«ቆርቆሮውስ እሺ፣ ስንቱ ያደርገዋል» አለ ወንድሜ። ቀጥሎ ዘይት የጠጣውን ልባስ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አወጣው። «ሰንሰለት ከመዝለሉ በፊት ሳምንት ሙሉ ይጮኻል። ሳትሰሙት ቀርታችሁ ነው እንጂ ሲነግራችሁ ነበር። ይህን የሰፋው ሰው ግን እጁ ግሩም ነው፤ ትንፍሽ አላስባለውም።»

ልጄ ልባሱን ተቀበለችው። የማዕዘኑን ድርብ ስፌት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዩኒፎርሟን በዚያው ስፌት ነው የሰፋሁላት። ቀና ስትል ያየችው አባቷን አልነበረም።