ዋርሳዬ ያመጣልኝ ባርኮድ

ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ዓባይ ማዶ የኅትመት ሱቅ አለው። ዛሬም በዚያ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ከዘጌ በጀልባ የሚመጣውን ሎሚ እየከተፍሁ፣ እያደረቅሁና እየፈጨሁ በትንንሽ ከረጢት አሽጌ ለሥራ ባልደረቦቼ እሸጥ ነበር። በኋላ አዲስ አበባ ያለ አንድ የኢንተርኔት ገበያ ሊሸጥልኝ ተስማማ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ ከረጢቱ ላይ ባርኮድ እንዲኖር።

የከረጢቱን ልጥፍ የሚያትምልኝ ዋርሳዬ ስለነበር ነገርሁት።

"ይቺማ ምን አላት! ለኔ ተይው፤ አስመዝግቤ አወጣልሻለሁ" አለኝ።

የንግድ ፈቃዴን ቅጂ ሰጠሁት፤ የመመዝገቢያውንም ገንዘብ ለእሱ ሰጠሁት። በሳምንቱ ጥቁር መስመሮችና ከሥራቸው ቁጥር ያሉበትን ልጥፍ ይዞ መጣ። መረቅሁት።

ሎሚዬ ገበያው ላይ የቆየው አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው። የገበያው ሰዎች ገጼን ሲዘጉት ደወልሁላቸው። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ሰላምታዬን እንኳ አልመለሰችም።

"ቁጥሩ የሌላ ድርጅት ነው፤ የሻምፖ ነው። ከየት አመጡት?"

"ተመዝግቦ የወጣልኝ ነው።"

"በማን ስም?"

እስኪ ያወጣልኝን ልጠይቅ አልኋት። "አስመስሎ ከሚሠራ ሰው ጋር አንሠራም" ብላ ዘጋችብኝ። ላቤን ያፈሰስሁበትን ሎሚ ተመሳስሎ የተሠራ አለችው!

ወዲያው ባጃጅ ይዤ ድልድዩን ተሻገርሁ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ እስኪወጡ አልጠበቅሁም።

"ቁጥሩን ከየት አመጣኸው?"

ሳቀ። "ከኢንተርኔት ነዋ። መስመር ያው መስመር ነው፤ ማን ያነበዋል?"

"አስመዘገብሁልሽ ያልኸኝሳ?"

"ተይ እንጂ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ!"

"እኔንስ ሌባ ያስባልኸኝ ማን ፊት ነው?" ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የልጥፌን ክምር አንስቼ እዚያው ቀዳደድሁት።

በማግሥቱ አማቴ አስጠሩኝ። "ልጄ፣ ወንድማማች እንዳይለያይ ስለ እኔ ብለሽ ተይው" አሉኝ።

"እማማ፣ እርስዎን እምቢ ብዬ አላውቅም። መጀመሪያ እሱ አጠፋሁ ይበል።"

"እሱ እንደሁ አይለውም።"

"እኔም አልተወውም" ብዬ ተነሳሁ። ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የወንድሙ ሳቅ እንኳ እንደ እሱ ዝምታ አላቃጠለኝም።

ቁጥሩን ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት ራሴ ደወልሁ። መነሻ አሃዞቹ የድርጅቱ መለያ እንደሆኑ፣ ለትንሹና ለትልቁ ከረጢት የየራሳቸው ቁጥር እንደሚያስፈልግ ያወቅሁት ያኔ ነው። ቅጹን ሞላሁ፤ ቁጥሩ በራሴ ስም ወጣ። ማስረጃውን ለገበያው ላክሁ፣ ደጋግሜ ጻፍሁ፤ ከሁለት ወር በኋላ ገጼን ከፈቱልኝ። ይቅርታ ያለኝ ግን የለም።

ዋርሳዬ ልጥፉን በነፃ ላትምላት ብሎ በባሌ በኩል ላከብኝ። ሌላ አታሚ ይዣለሁ አልሁ።

ለፋሲካ አማቴ ቤት ተገናኘን። እጁን ዘረጋልኝ። ትሪ ይዤ ነበር፤ አላስቀመጥሁትም።