የክብሪት ቀፎው

በደርግ ዘመን መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ እርሻ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። አንድ ሰሞን ሰው ሁሉ አስጠላኝ፤ ከሁሉም በላይ ግን አዲስ የተመደበው የእርሻ ባለሙያ። የሚቀባው ሽቶ ያቅለሸልሸኛል፣ ሳቁ ያናድደኛል። ሽማግሌ ሲልክማ «ይሄን ሰውዬ ከማገባ ብመነኩስ ይሻለኛል!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ግን ሌላ ነገር አይታ ኖሯል፤ እንደ አራሽ እየበላሁ እከሳ ነበር። «ጤና ጣቢያ ሂጂ» አለችኝ።

ያኔ ሰገራ ለምርመራ የሚወሰደው በክብሪት ቀፎ ነው። ቀፎዬን ጨብጬ ጤና ጣቢያው በር ስደርስ ማን ቢያጋጥመኝ ጥሩ ነው? እሱ! ያልተለኮሰ ሲጋራ ይዞ፣ «ጓዲት፣ ክብሪትሽን ታውሺኛለሽ?» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«አልሰጥም!»

«አንዲት እንጨት ብቻ...»

«አልሰጥም አልኩህ!» ብዬ ሮጥኩ።

ኮሶ ተገኘብኝ። መድኃኒቱን ዋጥኩ፣ ትሉም ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት ታይፕ ስመታ ከወዲያኛው ክፍል ደስ የሚል ሳቅ ሰማሁ። የማን ነው ብዬ ብወጣ የሱ! ያው ሽቶ፣ ያው ሳቅ፤ ልቤ ግን ድንግጥ አለ። ያ ሁሉ ጥላቻ የትሉ ነበር እንዴ? መልሱን ሐኪም ይመርምረው፤ እኔ ሽማግሌዎቹ ዳግም ሲመጡ ንግግራቸውን እንኳ ሳላስጨርስ «እሺ!» አልኩ።

የቀፎውንና የትሉን ምስጢር ለባሌ የነገርኩት ከሠርጉ በኋላ ነው። ምነው በቀረብኝ! እስከ ዛሬ ስቆጣ ባዶ የክብሪት ቀፎ አምጥቶ ፊቴ ያስቀምጣል።