ስም ያልጻፍኩበት ወረቀት

የወሰዱኝ ነጭ ጋዋኔን ሳላወልቅ ነው። በዘጠናዎቹ ውስጥ ነበር፤ ሰቆጣ ሆስፒታል ነርስ ነበርኩ። ለአንዲት ወላድ ግሉኮስ እየሰካሁ ሳለ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆሙ።

«ለአጭር ጥያቄ ትፈለጊያለሽ» አለኝ አንዱ።

መርፌውን በፕላስተር አጣብቄ ተከተልኳቸው። በመንገድ ያገኘን የማውቀው ሰው ሁሉ ሰላም ሳይለኝ ፊቱን አዞረ።

ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር። በጥይት የቆሰለ ሰው ሆስፒታሉ ውስጥ ታክሞ ሳይመዘገብ ወጥቷል፤ ማን አከመው? ያከምነው እኔና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነን። አላውቅም አልኩ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ነው፤ የማሽላ ብናኝና የሽንት ሽታ ተቀላቅሎ ያፍናል። ከእኔ በፊት የገቡ አንዲት ሴት ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከሰቆጣ ብዙ ከማይርቀው ከዝቋላ ወረዳ ናቸው፤ አማርኛቸው እንደ አካባቢያቸው ቋንቋ ኽምጣና ኽምጣና ይላል።

«ወንድምሽ የት ገባ ብለው ነው ያሰሩኝ» አሉኝ።

ሳልጠይቃቸው መናገራቸው አልጣመኝም። ቀጥለው ጠየቁኝ።

«ሥራሽ ምንድን ነው ልጄ?»

«ነርስ ነኝ።»

«ብቻሽን ነው የምትሠሪው? ተራሽ ከማን ጋር ነው?»

ስም ሊያወጡኝ ተልከው ይሆናል ብዬ ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ።

የሥራ ጭንቀት ለእኔ አዲስ አልነበረም። በሽተኛው በዝቶ ምሳዬን ቆሜ የበላሁበት፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አልቅሼ ፊቴን ታጥቤ የወጣሁበት ቀን ብዙ ነው። ያኔ ግን ያቺ ባልደረባዬ ነበረች፤ ለእሷ ነግሬ ይቀለኝ ነበር። እዚህ አብረውኝ ያሉት ሴትዮ ግን ራሳቸው ያስፈሩኛል።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሴትዮዋ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ያስመስላሉ ብዬ ዞር አልኩ። ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ስሰማ ግን ተነስቼ ግንባራቸውን ዳሰስኩ። እሳት ነው። ወባ እንደሆነ ገመትኩ። በመጠጫ ውሃችን ነጠላዬን ነክሬ አንገታቸውንና ብብታቸውን አበስኩ፤ የቀረውን ጥቂት በጥቂት አጠጣኋቸው። እጄ ሥራ ሲያገኝ ፍርሃቴ ቀለለኝ።

ዓይናቸውን ገልጠው እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ የዚያችን የጓደኛሽን ስም ለእኔ እንዳትነግሪኝ።»

«ጓደኛ አለችኝ አልኩዎት?»

እጄን ለቀው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠርቶ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበልኝ።

«ቁስለኛውን ያከማችሁትን የሁለታችሁን ስም ጻፊና ቤትሽ ግቢ» አለኝ።

ጻፍኩ። ታማሚዋ ዕድሜያቸው ሃምሳ ገደማ፤ ኃይለኛ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፤ የደም ምርመራ ዛሬውኑ ያስፈልጋቸዋል። ከሥር ፈረምኩ።

ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ተረኛ ለተረኛ የሚያደርገው ርክክብ ነው። ከአሁን በኋላ ታማሚዋ በእርስዎ እጅ ናቸው።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሳይመሽ ሴትዮዋን ወሰዷቸው። ወደ ሕክምና ይሁን ወይስ የተላኩበትን ሥራ ጨርሰው ወደ ቤታቸው፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። እኔ ብዙ ሳምንት ቆይቼ ተፈታሁ። ባልደረባዬን ማንም አልነካት።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ወጣት ነርሶች ሥራው ሲከብዳቸው ቤቴ እየመጡ እንዴት ቻልሽው ይሉኛል። የምታምኑት ሰው ፈልጉ፣ በሆዳችሁ አትያዙት እላቸዋለሁ። ምክሩ ከልቤ ነው። ግን አንዷ ስለዚያ ዘመን ጥያቄ ስታበዛ፣ ማን ልኳት ይሆን ብዬ ፊቷን ማጥናት እስካሁን አልተወኝም።