የስምንት አቡነ ዘበሰማያት ፀሐይ

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ ሚኪያስን ይዤ እዚሁ መሐል ሜዳ ፋርማሲ ገባሁ። ፊቱን ብጉር ወሮት ከሰው መቀላቀል ጠልቷል። ፋርማሲስቷ ክኒኑን አሽጋ ሰጠችውና፣ «ይህን እየወሰድክ ፀሐይ ላይ እንዳትቆይ፤ ቆዳህን ያቃጥልሃል» አለችው። እሱ ሳቀባት። «መንዝ ውስጥ ደግሞ የምን ፀሐይ አለ? እኛን የሚገድለን ብርዱ ነው» አላት።

ጆሮውን ልቆነጥጠው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ሠላሳ ዓመት ያስተማረች ሴት ጡረታ ብትወጣም እጇ አያርፍም። ግን ምን አፍ አለኝ? በሱ ዕድሜ እኔም ያንኑ አስብ ነበር።

ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከንፈሬ ዙሪያና እጆቼ ላይ ነጭ ምልክት ወጣብኝ። ዛሬ ከሰው ወደ ሰው እንደማይጋባ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ያኔ ግን ስሙ ለምጽ ነው፤ ለምጻም ደግሞ በመጽሐፍ ከሰፈር የሚወጣ ሰው ነው። ጎረቤቶቻችን ክፉ አልነበሩም፤ እኔ የጠጣሁበትን ጣሳ ብቻ ለብቻው ማስቀመጥ ጀመሩ። እኔ ደግሞ ለመምህርነት ሥልጠና ተመርጬ መሄጃዬ ቀርቦ ነበር። ይህን ፊት ይዤ ስልሳ ልጅ ፊት እንዴት እቆማለሁ እያልኩ ነጠላዬን አፌ ላይ ጠምጥሜ አለቅሳለሁ።

አባቴ ከዘመሮ አለፍ ብሎ ያለ የገጠር ደብር ቄስ ነበሩ። ለቅሶዬን ሰምተው ሰምተው አንድ ቀን «ተነሺ» አሉኝ። በሶና ቆሎ ቋጥረን አዲስ አበባ ሄድን። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ከመክበዱ የተነሣ የአውቶቡሱ ረዳት ወርዶ ከፊት ከፊት እየሄደ ነበር ለሾፌሩ መንገድ ያሳየው።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ረጋ ያለ። ክኒን አዘዘልኝና ለአባቴ አስረዳቸው። «ክኒኑ ቆዳዋን ለፀሐይ ስስ ያደርገዋል፤ ቀለሙን የሚመልሰው ፀሐዩ ነው። ከዋጠች በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ትቆይና ነጩን ቦታ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ፀሐይ ታስመታው። ከዚያ ቤት ገብታ እስኪመሽ ተሸፋፍና ትዋል። ዓይኗም እንዳይጎዳ ጥቁር መነጽር ታድርግ። ትርፍ ፀሐይ እሳት ነው።»

ቤታችን ሰዓት አልነበረም። አባቴ ጥቂት አሰቡና፣ «ዶክተር፣ አምስት ደቂቃ ስንት አቡነ ዘበሰማያት ይሆናል?» አሉት። ሐኪሙ አልሳቀም፤ እግዚአብሔር ይስጠው። የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና «እስቲ ይድገሙ አባ» አላቸው። አባቴ ብድግ ብለው እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በለመዱት ፍጥነት፣ ከነበሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ደገሙ። ስምንተኛውን ሲጨርሱ ሐኪሙ እጁን አነሣ። «ስምንት። ዘጠነኛ የለም» አለ።

ኅዳር ላይ ጀመርን። ቁርሴን በልቼ ክኒኑን እውጣለሁ፤ ሁለቱን ሰዓት አባቴ በግድግዳው ጥላ ይገምቱታል። ከዚያ ከካቡ ሥር እቀመጣለሁ፤ እሳቸው መቁጠሪያቸውን ይዘው ከጎኔ ይቆማሉ። ስምንት ሲሞላ «ግቢ» ይሉኛል። መነጽሬን አድርጌ ስገባ ወንድሜ «ፓይለቷ አረፈች» እያለ ይስቅብኛል። ወር ሳይሞላ በነጩ መሐል የጤፍ ፍሬ የምታህል ጠይም ነጥብ ታየች። እናቴ አገላብጣ ሳመችኝ። አባቴም በየቀኑ አገጬን ቀና አድርገው ያቺን ነጥብ ያዩ ነበር።

ታኅሣሥ ገባ፤ መሄጃዬ ሦስት ሳምንት ቀረው። አንድ ቀን፣ የማለዳው ውርጭ ገና ከጥላው ሥር ሳይለቅ፣ እንደ ልማዳችን ወጣን። ነፋሱ ፊት ይልጣል። ፀሐይዋ ጭራሽ አትሞቅም፤ የደጋ ፀሐይ ተንኮሏ ይሄ ነው። አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ ይደግማሉ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ። የዚያን ቀን «ግቢ» እስኪሉኝ ብዙ ቆየ።

ማታ ፊቴ ይለበልበኝ ጀመር። በማግስቱ ከንፈሬና እጆቼ ውኃ ቋጠሩ። ጎረቤት ተሰብስቦ «ምች ነው» አለና ዳማከሴ ጨምቆ ቀባኝ፤ ማቃጠሉን አሁንም አልረሳውም። አፌ አልከፈት ብሎ እናቴ አጥሚት በማንኪያ ታጠጣኝ ነበር። መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ስንሄድ፣ ክኒኑን እንዳቆምና ከፀሐይ እንድርቅ ነገሩን። ሥልጠናውም ለዚያ ዓመት አለፈኝ።

አገሩ ሁሉ «ቄሱ ቁጥሩ ጠፍቷቸው ነው» አለ። አባቴ አላስተባበሉም። ብቻ ለማዕድ ቆመን ሲጸልዩ አቡነ ዘበሰማያት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይጠፋል፤ የምንጨርሰው እኔና እናቴ ነበርን። የገዛ ጸሎታቸው ልጃቸውን ያቃጠለ ቄስ ምን ይበል? ያን ዝምታ መስማት ከቁስሌ ይብስብኝ ነበር፤ ምክንያቱም እኔም የደበቅኩት ነገር ነበረኝ።

ቁስሌ ሲድን አዲስ አበባ ተመልሼ ታየሁ። ሐኪሙ ክኒኑን ቀንሶ እንደገና እንድጀምር ፈቀደ። የፀሐዩንም ጊዜ አሳጠረው፤ አምስት አቡነ ዘበሰማያት ብቻ። አባቴ ግን አሻፈረኝ አሉ። «ከትምህርት ቤቱ አስተማሪ ሰዓት እዋስልሻለሁ» አሉኝ።

«እርስዎ ካልቆጠሩልኝ አልጀምርም» አልኩ።

ካቡ ሥር፣ ገና በጥላው ውስጥ፣ አጠገቤ ተቀመጡ። መቁጠሪያቸውን በጣታቸው አሻሹ። «ቁጥሩ ጠፍቶኝ አልነበረም» አሉ። «ስምንት መሙላቱን አውቄዋለሁ። ያቺ ነጥብ ስትሰፋ አየሁና፣ እጥፍ ባደርገው ሳትሄጂ ትድኛለሽ ብዬ ዐሥራ ስድስት አደረስኩት። እኔ ነኝ ያቃጠልኩሽ።»

«ዐሥራ ስድስት አልነበረም አባዬ» አልኳቸው። «ሃያ አንድ ነበር።»

ዞረው አዩኝ።

«እኔም እቆጥር ነበር። ዘጠነኛውን ሲጀምሩ ሰምቻለሁ። እንዳያቆሙብኝ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

አባቴ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ግንባራቸውን ጉልበታቸው ላይ ደፍተው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሲያለቅሱ መስሎኝ ደንግጬ እጄን ጀርባቸው ላይ ብጥል፣ እየሳቁ ነው። እየሳቁም እያለቀሱም ነበር። «አይ አንቺ ልጅ» አሉ፤ «እንዲያ ከሆነ አብረን ነው ያጭበረበርነው።» ያን ለት ሰዓቱ ሲደርስ ቆመው ደገሙልኝ። ሁለተኛው ላይ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ እንጂ አልጠፋም። አምስተኛውን ጨርሰው እፎይ ሳይሉ «ግቢ፣ ግቢ» አሉኝ።

በዓመቱ ሥልጠና ገባሁ። ነጩ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፤ ዛሬም ከንፈሬ ጥግ ላይ አለ። ተማሪዎቼ በመጀመሪያው ሳምንት አፌን አፌን ያያሉ፤ በሁለተኛው የቤት ሥራ ሲበዛባቸው ይረሱታል።

ይህን ሁሉ ለሚኪያስ ከፋርማሲው ስንመለስ ነገርኩት። «እቴቴ፣ አልተቀየምሻቸውም?» አለኝ። ልክ የነበረው ሐኪሙ ነው አልኩት፤ መድኃኒት በጉጉት አይጨመርም፣ አንድ ዓመቴን ከፍዬበታለሁ። አንተም ፋርማሲስቷ ያለችህን ስማ። ሌላውን ለሱ መንገር አፈርኩ። አባቴ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ እንዴት ይወዱኝ እንደነበር ሳስብ ግን የማስታውሰው ስምንቱን አይደለም፣ ከዘጠነኛው ጀምሮ ያለውን ነው።