ጽዋ የተቀመጠበት ማጫወቻ

አቶ ኃይለልዑል ቃሉን የማያጥፍ፣ ሚዛን የማያዛባ፣ የሰው ገንዘብ የማይመኝ ሰው ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ መጻፌ፣ ከዚህ በኋላ የምናገረው ምሬት ስለሚበዛበት አንባቢ በሰውየው ላይ እንዳይፈርድ ነው። እግዚአብሔር ለአንድ ሰው መልካም ጠባይ ሲያድል፣ ለጎረቤቶቹ ደግሞ የሚታገሡትን አንድ ነገር አብሮ ያድላቸዋል። ለእኛ የታደለን የኃይለልዑል የሲዲ ማጫወቻ ነው። አንድ ቢሆንማ ምን ብዬ እጽፍ ነበር!

ጎባ ተወልዶ ሮቤ የሸመገለ ነው። አያቱ ከሰሜን መጥተው ባሌን አገሬ ያሉ ናቸው። እርሱ የሥራ ዘመኑን የፈጸመው በዘር ስንዴ ምርመራ ነበር፤ ከጆንያው እፍኝ እየዘገነ፣ ጠረጴዛ ላይ እየዘረጋ፣ የተሰበረውንና የነቀዘውን ፍሬ በወረንጦ ሲለቅም ኖረ። ጡረታ ሲወጣ ስንዴው ቀረ፤ መልቀሙ ግን አልቀረም። ሰው ሁሉ ዜማውን በስልኩ ይዞ በሚዞርበት በዚህ ዘመን፣ እርሱ ዓለም የጣለቻቸውን አሮጌ ማጫወቻዎች መሰብሰብ ጀመረ። ጃፓን ሠራሽ ናቸው። አንዳንዶቹ ጎናቸው በእንጨት የተለበጠ፣ ግንባራቸው ወርቅማ ነው። ቁልፋቸው ሲነካ የዲስኩ መሳቢያ እንደ ቤተ መቅደስ በር በዝግታ ይወጣል፤ ይህን ለማየት ብቻ ደጋግሞ ሲከፍትና ሲዘጋ አይቼዋለሁ። ክብደታቸውን ደግሞ ከመናኸሪያ በፈረስ ጋሪው የሚያመላልስለት ሙሉካ ያውቀዋል።

«ኦቦ ኃይለልዑል፣ ኩን ማሊ?» አለው አንድ ቀን፣ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ የወረደውን ካርቶን አቅፎ እያቃሰተ። «ይህ ምንድን ነው? ጥጃ ጠቅልለው ነው የሚያስጭኑኝ?»

«ማጫወቻ ነው። ቀስ በል፤ ያንን ጉድጓድ ዙርልኝ።»

«ባለፈው ያመጣሁልዎትስ ተበላሸ?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ ይኼ ምን ሊሠራ መጣ?»

«ድምፁ ይለያል።»

ሙሉካ ወደ ፈረሱ ዘወር ብሎ «ሰማህ? ድምፁ የሚለይ ሌላ ጋሪ ልጨምርልህ?» አለው። እኔ በአጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ፈረሱ ራሱን ሲነቀንቅ በልቤ አመሰገንሁት።

የድምፁን መለየት እኔም ተፈትኜበታለሁ። በዐቢይ ጾም ጠርቶ ከሳሎኑ አስቀመጠኝና አንዱን የበገና ዲስክ መጀመሪያ በአንደኛው፣ ቀጥሎ በሌላው ማጫወቻ አሰማኝ። ከዚያ ፊት ለፊቴ እንደ ፈታኝ ቆመ።

«መሪጌታ፣ ልዩነቱን ሰሙት?»

«አንድ ነው» አልሁት።

«አንድ አይደለም! የመጀመሪያው የአውታሩን ንዝረት ቶሎ ይቆርጠዋል። ይኼኛው ግን እስኪጠፋ ድረስ ይሸኘዋል። እንደገና ልክፈትልዎ።»

«ኃይለልዑል፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ዜማ ስማር ያደግሁ ሰው ነኝ።»

«ለዚያ አይደል እርስዎን የጠራሁ!»

እንደገና ከፈተው። ሚስቱ ወይዘሮ ሰርክአዲስ ከጓዳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «መሪጌታ፣ ይለያል ብለው ይገላገሉ! እኔ እንደዚያ እያልሁ አይደል የኖርሁት» አለች።

ኃይለልዑል ደነገጠ። «ታዲያ ሰማሁት ያልሽኝ ሁሉ ውሸት ነበር?»

«ምሕረት ነበር» አለች።

ምሕረትም ቢሆን ወሰን አለው። ማጫወቻዎቹ በጠረጴዛው ላይ ተደራርበው፣ ከወንበሮቹ ሥር ገብተው፣ የመስኮቱን ደፍ ይዘው፣ እንግዳ ጉልበቱን ወደ ጎን አጥፎ የሚቀመጥበት ቤት ሆነ። ከዚህ ላይ የጽዋ ማኅበራችን ተራ ወደ እርሱ ቤት ደረሰ። ወይዘሮ ሰርክአዲስ እኔ ባለሁበት፣ ሳትቆጣና ሳትጮኽ፣ «የማኅበሩን ሰው የት ላስቀምጠው ነው? ወይ ሳሎኔን መልስልኝ፣ ወይ ጎባ እኅቴ ቤት ሄጄ ልደግስ» አለችው። ሴት ልጅ ሳትጮኽ ስትናገር ነገሩ ያለቀ መሆኑን ያወቀ ያውቃል።

ኃይለልዑል ግን በዚያ ሰሞን ልቡ ከአንዲት ማጫወቻ ጋር ነበር። በዲንሾ አካባቢ ቀይ ቀበሮ ሲያጠና የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ሲሄድ ትቷት፣ በእንግዳ ማረፊያ ዕቃ ቤት ዓመታት አቧራ ስትለብስ የኖረች ናት። ዲስኩን በብርሃን የሚያነበው ዓይኗ ሞቶ ነበር። ምትኩን ከውጭ አገር አስመጥቶ ከገጠመ በኋላ አንድም ቀን አልሰማትም፤ መብራቱ ሲመጣ ኃይሉ ይዋዥቃል፣ ሲሄድም ሳይሰናበት ይሄዳል። እናም ለሚስቱ እንዲህ ሲል መለሰላት፦

«በማኅበሩ ቀን፣ እንግዶቹ ሳይበተኑ፣ በዚህች ማጫወቻ በገና አሰማቸዋለሁ። ያን ጊዜ አንቺም ትፈርጃለሽ። ያን ዕለት ካልሠራች ግን አንድም ሳላስቀር ሁሉንም ከዚህ ቤት አወጣለሁ። መሪጌታ ምስክሬ ናቸው።»

ማንም ምስክር ሁን ብሎ አልጠየቀኝም ነበር።

ቀኑ ደረሰ። የሮቤ ብርድ ጠላ እንደሚያዘገይ ይታወቃል፤ የወይዘሮ ሰርክአዲስም ጠላ ገና ሳይደርስ፣ መፍላቱን ሳይጨርስ ወደ ጽዋው ተገለበጠ። ኃይለልዑል በበኩሉ ማጫወቻዎቹን በምሥራቁ ግድግዳ በኩል ደርድሮ፣ ያችን ከሁሉ በላይ አድርጎ፣ ዓይን እንዳይገባባቸው ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አለበሳቸው። መሣሪያ ሳይሞቅ ጥሩ ድምፅ አይሰጥም የሚል እምነት አለውና ከማለዳ ጀምሮ አብርቶ ትቷታል። ለጽዋው ያዘጋጀው ትንሽ ጠረጴዛ ከመካከል ነበር።

እንግዲህ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ለብሶ በምሥራቅ በኩል የቆመ ነገር ሲያይ ክርስቲያን ምን ያስባል? ከማኅበርተኞቹ በዕድሜ የሚበልጡት ወይዘሮ እታለማሁ ጽዋውን ተሸክመው ገቡ፤ ትንሹን ጠረጴዛ አልፈው ቀጥታ ወደ ነጩ ጨርቅ ሄዱና አስቀመጡት። ቀሲስ ፍስሐም መስቀላቸውን አውጥተው ጸሎት ጀመሩ። ኃይለልዑል ከበሩ አጠገብ እንግዳ ተቀብሎ ሲመለስ ነገሩ አልቋል። በማኅበራችን ሥርዓት ጽዋ አንዴ ከተቀመጠና ጸሎት ከተጀመረ፣ ቡራኬው ሳይፈጸም ከስፍራው አይነሣም።

የሆነው ይህ ነው፦ ከማለዳ ጀምሮ የጋለው የማጫወቻዋ አናት ያልደረሰውን ጠላ ከሥሩ አሞቀው። ጠላው ነቃ። አረፋው ከአፉ ብቅ አለ፤ ከዚያ በጽዋው አንገት ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ኃይለልዑል አጠገቤ ቆሞ እጄን ጨበጠኝ፤ አጥንቴ እስኪሰማው ድረስ ጨበጠኝ። ወደ ሚስቱም ጎንበስ ብሎ «ሶኬቱን ንቀይ» አላት በሹክሹክታ።

«የት ነው?»

«ከእትዬ እታለማሁ ጀርባ!»

«በጸሎት ላይ እታለማሁን ላስነሣቸው? ዝም በል!»

ይህን ሰው የማውቀው በስብከት መካከል እንኳ የድምፅ ማጉያው ጮኸ ብሎ የሚያጉረመርም ሆኖ ነው። ያን ዕለት ግን የመረጣት ማጫወቻ ጠላ ስትጠጣ እያየ፣ ዐሥር ጣቶቹን አጣምሮ፣ አቡነ ዘበሰማያት ሲባል ከሁላችን ጋር አብሮ ደገመ። መካከል ላይ ከጨርቁ ሥር ጠሽ የሚል ድምፅ ተሰማ። የድሮ ሬዲዮ ሲቃጠል የሚሸት ነገር ከጌሾ ጋር ተቀላቅሎ ሸተተን።

ቡራኬው ሲያልቅ ወይዘሮ እታለማሁ የረሰረሰውን ጨርቅ አይተው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «ተመልከቱ! ጽዋው ሞልቶ ፈሰሰ! የዚህ ቤት በረከት ነው!» ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ቀሲስ ፍስሐም ኃይለልዑልን በፈገግታ እያዩ «አሜን በል እንጂ፣ ልጄ» አሉት።

«አሜን» አለ። እንዲህ ያለ አሜን ከቀብር ሥፍራ በስተቀር ሰምቼ አላውቅም።

እንግዶቹ ዳቦውን በልተው፣ ከጠላው የቀረውን ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ። በገና አልተሰማም። ኃይለልዑል ጨርቁን ገልጦ ቁልፏን ተጫነ፤ መብራት የለ፣ ድምፅ የለ። ወይዘሮ ሰርክአዲስ አሳዝኗት «ተወው፣ ነገ ደግሞ ሞክር፤ አደጋ ነው እኮ» አለችው። እርሱ ግን «ያን ዕለት ካልሠራች ብያለሁ፤ በምን ምክንያት እንደማትሠራ አልተናገርሁም» ብሎ ካፖርቱን አወለቀ። በማግሥቱ ሙሉካ ጋሪውን ይዞ መጣ፤ ሳሎኑም አንድ ሳይቀር ባዶ ሆነ።

አንባቢ ወዴት ተወሰዱ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ወደ እኔ ዕቃ ቤት ነው። ምስክር የሆነ ሰው ማረፊያም ሊሰጥ ይገባል አለኝ። ጤፌና ሽንኩርቴ ወደ መኝታ ክፍሌ ገቡ። እርሱም በየቀኑ እየመጣ ያችን ማጫወቻ ፈትቶ፣ በአልኮል ጠርጎ፣ ፀሐይ በታየች ቁጥር እደጄ እያሰጣ፣ የተቃጠለውን ፊውዝ ቀይሮ፣ በመጨረሻ አስነሣት። ሠራች። ሲሞቃት ዛሬም ጌሾ ጌሾ ትሸታለች። የበገናው አውታር ተመትቶ ንዝረቱ እስኪጠፋ ሲሸኝ ሰማሁ፤ ሌሎቹም እንደዚህ ይሸኙ እንደሆነ ግን ዛሬም አላውቅም፤ እንዳይጠይቀኝም ዓይኔን ጨፈንሁ።

ወይዘሮ ሰርክአዲስም መሥራቷን ሰማች። ባሏ ሳሎኑን መልሺልኝ ብሎ አፉን እንዳልከፈተ ታውቃለች፤ እንደማይከፍትም ታውቃለች። ስለዚህ እርሷ ራሷ ወደ ቤቴ መጥታ፣ በዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆማ «አንድ አምጣ» አለችው። «አንድ ብቻ። የምትወደውን።»

ተገላገልሁ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ፤ ቸኩዬ ነበር። «ያችን ጠላ የጠጣችውን ውሰዳት» ስለው «ለበገና እሷ ናት፤ ለክራር ግን ያ ወርቅማው ይሻላል» ይለኛል። «ወርቅማውን ውሰድ» ስለው «መሳቢያው እኮ ከረር ይላል» ይላል። አንዱን አንሥቶ እስከ በሩ ይደርሳል፤ ቆሞ ያስባል፤ ይመልሰዋል። የስንዴ ፍሬ ሲለቅም የኖረ እጅ ነው፤ ክፉውን መጣል ያውቃል፤ ከደጋጎቹ መካከል አንዱን መርጦ ሌሎቹን መተው ግን አልተማረም። ይህን ስጽፍም ከግድግዳው ባሻገር አንዱን ዲስክ በሁለት ማጫወቻ እያፈራረቀ ነው። ሽንኩርቴም ከአልጋዬ ሥር አቆጥቁጧል።

አምላከ ቅዱሳን ለአቶ ኃይለልዑል ጤናና ዕድሜ፣ ለወይዘሮ ሰርክአዲስ ትዕግሥት ይስጣቸው። ቤታቸው ከእንግዳና ከምስጋና አይጉደል፤ ለእርሱም መርጦ የሚወስንበትን ልብ ቶሎ ይስጠው። አሜን።